አዳማ፦ በድሮው የኅብረት ሱቅ ግንብ ላይ ያለው የመታሰቢያ ድንጋይ ይነሣ ወይስ ባለበት ይቆይ?

የቁጥጥር ኮሚቴ አባል (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በአዳማ ከተማ፣ ከድሮው የባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቅ ሰፈር የሚገኝ የአንድ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር የቁጥጥር ኮሚቴ አባል ነኝ። ማኅበራችን የሚሠራበት ሱቅ በደርግ ዘመን የተገነባ ሲሆን፣ ከዋናው በር በስተቀኝ ባለው የድንጋይ ግንብ ላይ ነጭ የእብነ በረድ የመታሰቢያ ሰሌዳ ተገጥሞበታል። ጽሑፉ ሱቁ በአባላት መዋጮና በነዋሪዎች ጉልበት በናዝሬት ከተማ መሠራቱን ይገልጽና የመረቀውን ባለሥልጣን ማዕረግና ስም ጠቅሶ «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት» በሚለው መፈክር ይዘጋል። ከዓመተ ምሕረቱ «197» የሚለው ይነበባል፤ የመጨረሻው አኃዝ ግን ተፍቆ 3 ይሁን 8 ልንለየው አልቻልንም።

ሱቁ በቅርቡ ሊታደስ ነው። ሥራውን የያዘው ተቋራጭ የፊት ለፊቱን ግንብ በሴራሚክ ለመልበስ ስላቀደ ሰሌዳው እንዲነቀል ጠይቋል። ከአባላት መካከል አንዳንዶቹ ሰሌዳው ወደ መጋዘን ገብቶ በምትኩ አዲስ ግራናይት እንዲሠራ ይፈልጋሉ። ሌሎች ደግሞ ድንጋዩ ቢቆይ ግድ እንደሌላቸው፣ ነገር ግን መፈክሩና የባለሥልጣኑ ስም በግራይንደር እንዲፋቅ፣ «ናዝሬት» የሚለውም «አዳማ» ተብሎ እንዲታረም ጠይቀዋል። እኔ በበኩሌ አንድም ፊደል ሳይነካ ባለበት ቢቆይ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የማኅበሩ የድሮ መዝገቦች በ1983 ዓ.ም. ግርግር ስለጠፉ፣ የሱቁን አመሠራረት በጽሑፍ የሚመሰክርልን ከዚህ ድንጋይ ሌላ ምንም የለንም።

ሰሌዳው ግን ተጎድቷል። በግራ በኩል ያለው የታችኛው ጥግ ተሰንጥቋል፤ በስንጥቁ ዙሪያም የዝገት እድፍ ይታያል። ከዓመታት በፊት ደግሞ አንድ በጎ ፈቃደኛ ፊደላቱን ለማጉላት ብሎ ቅባት ቀለም ስለቀባው የባለሥልጣኑ ማዕረግ ያለበት መስመር በቀለም ተደፍኗል። እንዴት እንደሚጸዳና እንደሚጠገን፣ የዓመተ ምሕረቱ መጨረሻ እንዴት ሊነበብ እንደሚችል፣ እንዲሁም በሕግ በኩል ውሳኔው የማን እንደሆነ የምታውቁ እንድታስረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ድንጋይ ጠራቢ

ከሁሉ አስቀድሞ ተቋራጩ ሰሌዳውን እንዳይነካ ዛሬውኑ በጽሑፍ ያሳውቁት። በሲሚንቶ የተለጠፈ እብነ በረድ በመሮና በመዶሻ ሲነቀል ሳይሰበር የሚወጣው ከስንት አንዴ ነው፤ የእርስዎ ደግሞ አስቀድሞ የተሰነጠቀ በመሆኑ ከተነቀለ የሚያገኙት ሰሌዳ ሳይሆን ስብርባሪ ሊሆን ይችላል።

የስንጥቁን ምክንያት ዝገቱ ራሱ ይናገራል። በዚያ ዘመን ሰሌዳዎች ከጀርባቸው በተራ ብረት እየተያዙ ይገጠሙ ነበር። ብረት ዝናብ ሲያገኘው ይዝጋል፤ ዝገቱም ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ድንጋዩን ከውስጥ እየገፋ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ስንጥቁን ከላይ መድፈን ብቻውን አይበቃም፤ የዛገው ብረት በጥንቃቄ ወጥቶ በማይዝግ ብረት ወይም በነሐስ መተካት አለበት። ክፍተቱን የሚሞላውም ሲሚንቶ ሳይሆን የኖራ ቡኬት ቢሆን ይሻላል፤ ሲሚንቶ ከድንጋዩ ይልቅ ጠንካራ ስለሆነና እርጥበት አፍኖ ስለሚያስቀር ቀጣዩ ስንጥቅ በድንጋዩ ላይ እንዲወጣ ያደርጋል። ሴራሚኩንም በተመለከተ፣ ግንቡን መልበስ የግድ ከሆነ በሰሌዳው ዙሪያ ቢያንስ አንድ ክንድ ያህል ግንብ እንዳለ ይተዉ። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ያን የመሰለ የድንጋይ ግንብ በሴራሚክ መሸፈን በራሱ ያሳዝነኛል።

ስለ ጽዳቱ አጥብቄ የማሳስበው አሲድ የሚባል ነገር እንዳይጠጋው ነው። እብነ በረድ በተፈጥሮው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የመታጠቢያ ቤት ማጽጃ አሲድ ይቅርና ሎሚና ኮምጣጤ እንኳ ፊቱን ይበላዋል። በረኪናም ድንጋዩ ውስጥ ጨው ይተዋል። የሽቦ ብሩሽና የብርጭቆ ወረቀት ደግሞ ያለችውን የፊደል ጠርዝ ጨርሰው ይወስዳሉ። የሚያስፈልገው ለስላሳ ብሩሽና ንጹሕ ውኃ ነው። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ማዕድን ስለሚበዛበት ሲደርቅ ነጭ ንጣፍ ይተዋል፤ ስለዚህ ለባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውኃ መጠቀም ይሻላል፤ በባትሪ ውኃ ስም የሚሸጥ አሲድ እንዳይሰጥዎ ግን ዕቃውን አንብበው ይግዙ። እድፉ በመስመር እየወረደ እንዳይደርቅ ከታች ወደ ላይ እያረጠቡ ይጠቡት። ቅባት ቀለሙን በቢላዋ ለመፋቅ አይሞክሩ። በቀለም ማስለቀቂያ የሚነሣ ከሆነ ልምድ ያለው ባለሙያ መጀመሪያ ጽሑፍ በሌለበት ጥግ፣ ከአንድ ሳንቲም በማይበልጥ ቦታ ላይ ሞክሮ ውጤቱን ካየ በኋላ ይቀጥል።

አኃዙን ለማንበብ ሲመሽ ይሂዱ። የእጅ ባትሪውን ከፊት ለፊት ሳይሆን ከድንጋዩ ጎን፣ ብርሃኑ ግድግዳውን እየታከከ እንዲያልፍ አድርገው ይያዙት፤ ስልክዎን በአንድ ቦታ ላይ አቁመው፣ ብርሃኑን ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከላይና ከታች እያዞሩ ፎቶ ያንሡ። የተቀረጸ ፊደል ላዩ ቢፋቅም የመሮው ጥልቅ መሥመር እስከ መጨረሻው ይቆያል። 3 እና 8 የሚለዩት በግራ ጎናቸው ስለሆነ ትኩረትዎ እዚያ ላይ ይሁን፤ 8 ከሆነ በግራ በኩል የሚዘጋው ኩርባ ጥላ ይጥላል፣ 3 ከሆነ ግን ድንጋዩ ለጥ ያለ ሆኖ ይታያል። በጠመኔ ወይም በእርሳስ ፊደሉን ተከትለው እንዳይስሉ፤ ያን ጊዜ የሚያነቡት ድንጋዩን ሳይሆን የራስዎን ግምት ይሆናል።

የቀድሞ የኅብረት ሱቅ ሒሳብ ሠራተኛ

ጥያቄው የተነሣበት ሱቅ ሳይሆን በዚያው በአዳማ በሌላ ቀበሌ በነበረ የኅብረት ሱቅ ውስጥ በሒሳብ ሥራ አገልግያለሁ፤ ስለዚህ ድንጋዩ ስለማይናገረው ነገር ጥቂት ማለት እወዳለሁ።

የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆኑ በኋላ ቀበሌዎች ተደራጁ፤ የኅብረት ሱቆችም በየቀበሌው ተከፈቱ። አባል የሚሆነው ሰው መመዝገቢያ ከፍሎ ዕጣ ይገዛል፤ ከዚያ በቤተሰቡ ብዛት ልክ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ጨው፣ ስንዴ፣ አንዳንድ ጊዜም ጤፍና አቡጀዲ በደብተሩ እየተመዘገበ ይወስዳል። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ፣ ለከተማችን በጣም ቅርብ የሆነ ፋብሪካ ነው፤ ሆኖም የአዳማ ሰው ስኳር የሚያገኘው በራሽን ነበር። ሰልፉ ከንጋት በፊት ይጀመራል፤ ሰው ተራውን ድንጋይ አስቀምጦ ይይዝ ነበር። እቃ ሲገባ የሚታየው ደስታ፣ ሲያልቅ የሚሰማው ቅሬታ፣ ሚዛን ጎደለ የሚለው ክርክር፣ ይህ ሁሉ በእነዚያ በሮች ላይ የተፈጸመ ነው። እነዚህ ሱቆች የብዙ ድኻ ቤተሰብ ጓዳ በነጋዴ ዋጋ እንዳይራቆት አድርገዋል፤ የመንግሥት መቆጣጠሪያም ነበሩ። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ብቻ የሚናገር ሰው ግማሹን ይተዋል።

ስለ ግንባታው የማውቀው የእኛኑ ሱቅ ነው። ድንጋይ ያመላለሱት፣ ውኃ በገንቦና በጄሪካን የተሸከሙት፣ ቡኬት ያቀበሉት በእሑድ ዘመቻ የወጡ ነዋሪዎች ናቸው፤ ከእነርሱም የሚበዙት ሴቶች ነበሩ። በሰሌዳ ላይ ግን የሚጻፈው የመረቀው ሰው ስም ነው። የእናንተ ድንጋይ «በአባላት መዋጮና በነዋሪዎች ጉልበት» ማለቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ያችን መስመር እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቋት።

የባለሥልጣኑን ማዕረግ ለማጥፋት ያሰባችሁም ቆም ብላችሁ አስቡ። የጠፋውን ዓመት የሚነግራችሁ ይኸው መስመር ሊሆን ይችላል። የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) አደራጅ ኮሚሽን፣ ማለትም ኢሠፓአኮ፣ በታኅሣሥ 1972 ዓ.ም. ተቋቁሞ በመስከረም 1977 ዓ.ም. ኢሠፓ ሲመሠረት በፓርቲው ተተክቷል። በቀለሙ ሥር ያለው ማዕረግ ኢሠፓአኮን የሚጠቅስ ከሆነ ዓመቱ 1973 እንጂ 1978 ሊሆን አይችልም፤ ኢሠፓ ብቻ የሚል ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው ነው።

የፍራንኮ ልጅ

ከላይ የተጻፈውን ሁሉ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጋሼ የኅብረት ሱቁን በተመለከተ የጻፉት እውነት ነው፤ እናቴም በዚያ ሰልፍ ውስጥ ነበረች። ነገር ግን ሰሌዳው እንዳለ ይቆይ ለምትሉ ሁሉ አንድ ነገር ማስታወስ ግዴታዬ ነው። ታላቅ ወንድሜ በ1970 ዓ.ም. ከአንድ ቀበሌ እስር ቤት ተወስዶ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ስኳር የሚታደልበት ቅጥርና ልጆች የሚታሰሩበት ቅጥር በብዙ ቦታ አንድ ነበር። «ወይም ሞት» የሚለው ቃል ለእናንተ ያለፈ ዘመን ጽሑፍ ይሆናል፤ ለእኛ ቤት ግን የተፈጸመ ነገር ነው።

ይፋቅ ማለቴ አይደለም። ከተፋቀ፣ ያ ሁሉ ሲደረግ ምን እየተባለ እንደነበር የሚያሳየው ማስረጃ አብሮ ይጠፋል፤ የፈጸሙትም ሰዎች የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። የምቃወመው ሰሌዳው ታጥቦና ተወልውሎ፣ ያለ አንዳች ማብራሪያ፣ እንደ ጌጥ በበሩ ላይ እንዲያበራ ማድረግን ነው። ዘይት ልትገዛ የመጣች የሃያ ዓመት ወጣት ያንን መፈክር አንብባ ምን ትረዳለች? ድንጋዩ ከቆየ አጠገቡ የሚናገርለት ሌላ ጽሑፍ ይኑር፤ በዚያ ጽሑፍም ውስጥ የጠፉት ሰዎች ይታወሱ። ይህ ካልሆነ ግን እኔ እንደ አባል በጉባኤ ላይ ድምፄን የምሰጠው እንዲነሣ ነው።

ሕግና ቅርስ

እህቴ ያሉት ትክክል ነው፤ እኔም የምደግፈው ይህንኑ መንገድ ነው። በሕግ በኩል ጠያቂው ሦስት ነገሮችን ለየብቻ ማየት አለባቸው ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ የቤቱ ባለቤትነት ይጣራ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የተቋቋሙት የቀበሌ ድርጅቶች ራሳቸው የከተማ ነዋሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ይባሉ ስለነበር፣ ዝቅተኛ ኪራይ ያላቸውንም ቤቶች የሚያስተዳድሩት እነርሱ ስለነበሩ፣ በድንጋይ ላይ «ኅብረት ሥራ ማኅበር» የሚል ጽሑፍ መኖሩ ብቻውን ቤቱ የሸማቾቹ መሆኑን አያረጋግጥም። አዋጅ ቁጥር 104/1969 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን እንደገና አደራጀ፤ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 138 የኅብረት ሥራ ማኅበራት የራሳቸውን ሕግ አገኙ። ስለዚህ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታው በማን ስም እንደወጣ ይመልከቱ። በማኅበሩ ስም ካልሆነና ቤቱ በኪራይ የተያዘ ከሆነ ሰሌዳውን የመንቀል ቀርቶ ግንቡን የመለሰንም ሥልጣን የተከራይ አይደለም።

ቤቱ የማኅበሩ ከሆነ ውሳኔው የኮሚቴ ሳይሆን የጠቅላላ ጉባኤው ነው። በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የማኅበሩ የመጨረሻው ከፍተኛ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ እያንዳንዱ አባል የዕጣው ብዛት ሳይቆጠር አንድ ድምፅ አለው። የቁጥጥር ኮሚቴ አባል እንደመሆንዎ ጉዳዩ በአጀንዳ ተይዞ በቃለ ጉባኤ እንዲመዘገብ መጠየቅ ይችላሉ፤ እንዲያውም ይገባዎታል።

ሦስተኛው ቅርስን የሚመለከተው ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን በእጁ የያዘ ሰው እንዲጠብቀው ያስገድዳል፤ ጥገናም በቅርስ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱ ዕውቅና እንዲከናወን ይጠይቃል። ሰሌዳው በቅርስነት የተመዘገበ ባይሆንም፣ ከማንኛውም ሥራ በፊት ለከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ከፎቶግራፍ ጋር በደብዳቤ ቢያሳውቁ ለምዝገባ በር ይከፍታል፤ ለማኅበሩም መከላከያ ይሆነዋል። «ናዝሬት» የሚለው እንዲታረም የጠየቁት አባላት ቅር የተሰኙበትን ምክንያት እረዳለሁ፤ አዳማ የሚለው የከተማይቱ ነባር ስም ተነጥቆ የቆየበት ዘመን ነበርና። ሆኖም ድንጋዩ ላይ ያለው ስም የዚያ ንጥቂያ ምስክር ስለሆነ እርማቱ በአዲሱ ሰሌዳ ላይ ይሁን፤ አዲሱም በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይጻፍ።

አንድ ነገር ልጨምር። በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በምትባል ከተማ 28 ሠራተኞች ገንዘብ አዋጥተው በጎርጎርዮሳዊው ታኅሣሥ 21 ቀን 1844 በቶድ ሌን ጎዳና ላይ አንዲት ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። መጀመሪያ የሸጡት ቅቤ፣ ስኳር፣ ዱቄትና የአጃ ዱቄት ነበር፤ ትርፉም ለአባላት በገዙት ልክ ይመለስላቸው ነበር። ያ ቤት የራሳቸው እንኳ አልነበረም፤ ተከራይተውት ነው። ኋላ ግን የኅብረት ሥራ እንቅስቃሴው ቤቱን ገዝቶ በ1931 ሙዚየም አደረገው፤ ዛሬም ከብዙ አገሮች የሚመጡ የማኅበራት አባላት ይጎበኙታል። የእኛ የኅብረት ሱቆች አመሠራረት ከዚያ የተለየ ነው፤ ከታች የመነጨ ብቻ ሳይሆን ከላይ የታዘዘም ነበርና። ቢሆንም ቅቤና ዱቄት የተሸጠባት ክፍል ለታሪክ የምትበቃ ከሆነች፣ የአዳማ ሰው ስኳርና አቡጀዲ የወሰደባት ክፍል የማትበቃበት ምክንያት አይታየኝም።

የቁጥጥር ኮሚቴ አባል (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የደረስንበትን ላካፍላችሁ።

ተቋራጩ በደብዳቤ እንዲያውቅ ተደርጓል፤ የፊት ለፊቱ ግንብ ሥራም ጉባኤው እስኪወስን ቆሟል። ካርታው በማኅበሩ ስም መሆኑን አረጋግጠናል። ማታ ሄደን በጎን ብርሃን ፎቶ ስናነሣ የአኃዙ ግራ ጎን ለጥ ያለ ሆኖ ታየ፤ ከዚያም ልምድ ያለው ባለሙያ ከቀለሙ ላይ ጥቂት ሲያነሣ በማዕረጉ መስመር ውስጥ «ኢሠፓአኮ» የሚለው በግልጽ ተነበበ። ጋሼ እንዳሉት ሱቁ የተመረቀው በ1973 ዓ.ም. ነው። ይህን ለአባላቱ ባስረዳሁ ጊዜ፣ ስሙና መፈክሩ ይፋቅ ይሉ ከነበሩት መካከል ሁለቱ ሐሳባቸውን ለውጠዋል፤ ያ መስመር ተፍቆ ቢሆን ኖሮ የሱቃችንን ዕድሜ በእርግጠኝነት ለመናገር አንችልም ነበርና።

ለጉባኤው የማቀርበው የአዲሱ ሰሌዳ ረቂቅ የሚከተለው ነው፤ የአፋን ኦሮሞውን የሚጽፉልን አባላት ተመድበዋል።

«ይህ ሱቅ በአዳማ ነዋሪዎች መዋጮና ጉልበት ተሠርቶ በ1973 ዓ.ም. ተመረቀ። ከጎኑ ያለው ሰሌዳ በምረቃው ጊዜ የተቀረጸ ሲሆን፣ ከተማይቱ ናዝሬት ትባል በነበረበት በደርግ ዘመን የነበረውን መፈክር እንደያዘ እንዲቆይ ተደርጓል። በዚያው ዘመን በቀበሌዎች ታስረው የተገደሉትንና የደረሱበት ያልታወቀውን የከተማችንን ልጆች እናስታውሳለን።»

እህቴ የፍራንኮ ልጅ፣ በተለይ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር እርስዎ ቢያዩልኝ እወዳለሁ።

የፍራንኮ ልጅ

አንብቤዋለሁ። «እናስታውሳለን» ከሚለው በፊት «በስም» የሚል እንዳይጨመር አደራ፤ የሚታወቁት ስሞች ጥቂት ናቸው፣ የተቀሩት ቤተሰቦች ልጆቻቸው እንደተዘነጉ ይሰማቸዋል። ከዚህ በቀር እቀበለዋለሁ፤ በጉባኤውም ላይ እገኛለሁ።

ድንጋይ ጠራቢ

አዲሱን ሰሌዳ ከአሮጌው በታች ሳይሆን በዚያው ከፍታ በጎኑ፣ በሁለቱ መካከል ሁለት ስንዝር ያህል ክፍተት ትታችሁ ስቀሉት፤ ከታች ከሆነ ከአሮጌው ላይ የሚወርደው ውኃና ዝገት አዲሱን ያበላሸዋል። መጠኑም ከአሮጌው አይብለጥ። በትራፓኖ ስትበሱ ቀዳዳዎቹ በግንቡ ድንጋዮች ላይ ሳይሆኑ በድንጋዮቹ መጋጠሚያ ላይ ይሁኑ፤ አንድ ቀን ሰሌዳው ቢነሣ መጋጠሚያው በኖራ ይደፈናል፣ የተበሳ ድንጋይ ግን እንደተበሳ ይቀራል። የአሮጌውን የዛገ ብረት ከክረምቱ በፊት ብታስወጡት መልካም ነው።